ሙሽራዋ አማት ስትሆን፦ የእቴጌ ምንትዋብ ሕይወት

ስለ ቀደሙት ሴቶቻችን ስንጽፍ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ብርታታቸውን ነው። ጦር ሜዳ የወረደችውን፣ ዘውድ የጫነችውን፣ ቤተ ክርስቲያን ያሠራችውን እናስታውሳለን። ዛሬ የማቀርብላችሁም የአንዲት ብርቱ ሴት ታሪክ ነው። ነገር ግን ከብርታቷ ዘመን ይልቅ ያ ዘመን ሲያልፍ የሆነው ነገር ለእኛ ለማኅበርተኞች የበለጠ ይጠቅመናል ብዬ ስለማምን፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን እተርካለሁ።

ወጣትነት ማለፉን ለሴት የሚነግራት መስታወት ብቻ አይደለም። በእኛ አገር ቀድሞ የሚነግራት የሰው አጠራር ነው። ትናንት እህቴ ይላት የነበረው የታክሲ ረዳት ዛሬ እናቴ ይላታል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ እማማ ይላታል። ለቅሶ ቤት ስትገባ ወጣቶች ብድግ ብለው ወንበር ይለቁላታል። ክብር ነው። ሆኖም ወንበር ሲለቀቅላት ደስ የሚላት ሴት፣ እሷም በተራዋ የምትለቀው ወንበር እንዳለ ማሰብ ይከብዳታል። ታሪኳን የምተርክላችሁ ሴት የተቀመጡበት ወንበር የኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ነበር። ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እቴጌ ምንትዋብ የተወለዱት በ1706 ገደማ፣ ከጣና ሐይቅ በስተ ምዕራብ ባለው በቋራ ነው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነበር። እናታቸው ወይዘሮ እንኮዬ ከነገሥታት ዘር እንደሚወለዱ ይነገር ስለነበር ቤተሰቡ ባላባት ነው። አፄ በካፋ ከምንትዋብ ጋር ስለተገናኙበት ሁኔታ ሕዝቡ የሚተርከው አፈ ታሪክ አለ። ንጉሡ እንደ ተራ ሰው ለብሰው አገር መዞር ይወዱ ነበር ይባላል። በአንዱ ጉዟቸው ቋራ ላይ ታመው አንድ ቤት አረፉ፤ የዚያ ቤት ልጅ አስታመመቻቸው፤ ሲድኑ ማንነታቸውን ገልጠው አገቧት። አፈ ታሪኩ እንዳለ ሆኖ፣ ጋብቻው የተፈጸመው በ1722 መሆኑ ይታወቃል። ሙሽራዋ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናቸው ነው። ምንትዋብ የሚለው ስም ራሱ ምን ዓይነት ውብ ናት የሚል አድናቆት ነው። በማግሥቱ ዓመት ወንድ ልጅ ወለዱ፤ ስሙም ኢያሱ ተባለ።

አፄ በካፋ በ1730 ሲሞቱ ኢያሱ የሰባት ዓመት ሕፃን ነበር። እናቱ ገና በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነበሩ። ባሏ የሞተባት የዚህ ዕድሜ ሴት፣ በተለይ ደግሞ የንጉሥ ሚስት ከሆነች፣ የምትጠበቀው ልጇን ለመኳንንቱ አስረክባ ወደ ገዳም ወይም ወደ ዘመዶቿ እንድትገባ ነበር። ምንትዋብ ግን ወንድሞቻቸውንና የቋራ ዘመዶቻቸውን ወደ ጎንደር አስጠሩ። ልጃቸውን አነገሡ፤ እሳቸውም በዚያው ዓመት መጨረሻ ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር የመንግሥቱ ባለቤት ሆኑ። የዘውድ ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ተባለ። እቴጌ የሚለው ማዕረግ ከዚያ ቀን ጀምሮ በእሳቸው ላይ የክብር ስም ብቻ መሆኑ ቀረና ሥልጣን ሆነ።

መኳንንቱ ይህን በጸጋ አልተቀበሉትም። በ1732 ዓመፀኞች ሌላ ንጉሥ ሰይመው ጎንደር ገቡና ቤተ መንግሥቱን ከበቡ። ወጣቷ እቴጌ ከልጃቸው ጋር በግንቡ ውስጥ ተከበው ቆዩ፤ ከጎጃም የመጣ ጦር ደርሶ ከበባውን ሰበረው። ከዚህ በኋላ ሥልጣናቸው ረጋ። ወንድማቸው ወልደ ልዑል ራስ ቢትወደድ ሆነው የመንግሥቱን ሥራ ይመሩ ጀመር፤ ሌሎቹም ዘመዶች ሹመት አገኙ። የቋራ ሰው በጎንደር በዛ። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ከዚህ በኋላ የምንትዋብ ወንበር የምንትዋብ ብቻ አልነበረም። ብዙ ሰው እንጀራውን የሚበላው እሳቸው በመቀመጣቸው ነበር። ይህ ነገር ኋላ ይመለስብናል።

የሃያዎቹና የሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው የግንባታ ዘመን ነበር። በጎንደሩ የፋሲል ግቢ ውስጥ በስማቸው የሚጠራው ግንብ እስከ ዛሬ ቆሟል። በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት ላይ የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ እዚያ ግድግዳ ላይ በእመቤታችን ስዕል እግር ሥር ወድቀው የሚታዩት ሴት እሳቸው ናቸው። ከሁሉ የበለጠው ሥራቸው ግን ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ በተራራው ግርጌ ያለው ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ነው። ስሙ የተወሰደው ቅድስት ድንግል ከልጇ ጋር በስደቷ ካረፈችበት ከግብፁ የቁስቋም ተራራ ነው። በቅጥሩ ውስጥ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የእቴጌይቱ መኖሪያ ግንብና ትልቅ የግብር አዳራሽ ነበሩበት። የግንቡ ግድግዳ በቀይ ድንጋይ በተቀረጹ መስቀሎችና እንስሳት ያጌጠ ነበር።

እህቶቼ፣ ልጅ ይዛ ከስደት ያረፈች እናት ስም የተሰጠውን ቦታ ገና ወጣት ሳሉ መሥራታቸው ያስደንቀኛል። ቦታው ለጊዜው የበጋ ቤታቸውና የጸሎት ቤታቸው ነበር። በስተ እርጅና ግን ሌላው ሁሉ ሲጠፋ የቀረላቸው እሱ ብቻ ሆነ።

ስለ ሁለተኛው ኑሯቸውም ሳልናገር ባልፍ ታሪኩ ይጎድላል። አፄ በካፋ ከሞቱ በኋላ እቴጌይቱ የሟቹን ንጉሥ የእህት ልጅ፣ ኢያሱ የተባለውን መኳንንት ወደዱ። ቤተ መንግሥቱ ይህን ሰው ምልምል ኢያሱ እያለ በአሽሙር ይጠራው ነበር። ነገሥታቱ ብዙ ዕቁባት ሲያኖሩ ማንም ለዕቁባቶቻቸው የአሽሙር ስም አላወጣም፤ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ሰው ስትወድ ግን ስሙ እስከ ዛሬ ቀረ። ከእሱ ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ፦ ወይዘሮ አስቴር፣ ወይዘሮ አልጣሽና ወይዘሮ ወለተ እስራኤል። ሦስቱም ለታላላቅ ሹማምንት ተድረው የራሳቸው ታሪክ አላቸው። አባታቸው በ1742 ገደማ ከገደል ወድቆ ሞተ። ብዙዎች ያስጣለው ንጉሡ ልጃቸው ነው ይላሉ። እውነት ከሆነ፣ ልጅየው በእናቱ ቤት ማን እንደሚያዝ የተናገረበት መራር ቋንቋ ነበር።

ልጃቸው አፄ ኢያሱ በእርግጥ አድገው ነበር። በሃያ ዓመታቸው አካባቢ የመንግሥቱ ዋና ሥራ አሁንም በእናታቸውና በአጎታቸው እጅ ነበር። ንጉሡ አደን ይወዱ ነበር፤ ግንብ ማስጌጥና ማሳመርም ይወዱ ነበር። ለዚህም ከሕዝብ ትችት ይደርስባቸው ነበር። በ1744 ጦር አስከትተው ወደ ሰናር ዘመቱ። ዘመቻው ክፉ ሽንፈት ሆነ። ነገሥታቱ ይዘውት የሚዘምቱት የኵርዓተ ርእሱ ስዕል እንኳ በጠላት እጅ ወድቆ በኋላ በገንዘብ ተዋጅቶ ተመለሰ። ሥራ ያልተሰጠው ጎልማሳ ሥራ ፍለጋ ምን ያህል ሩቅ እንደሚሄድ እዚህ ላይ እናያለን። እናትየው ሥልጣኑን ቀስ በቀስ የሚያካፍሉበት የመጀመሪያው ጊዜ ይህ ነበር። አለፈ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። አፄ ኢያሱ ከወሎ ኦሮሞ ባላባት ወገን የሆኑትን ወይዘሮ ውቢትን አገቡ፤ በክርስትና ስማቸው ቤርሳቤህ ተባሉ። ጋብቻው ለመንግሥቱ ይጠቅማል ተብሎ የታሰበ ነበር። የአማትና የምራት ስም ትርጉም አንድ መሆኑን ልብ በሉ። አንዷ ምን ዓይነት ውብ ናት፣ ሌላዋ ውቢት። ከሠላሳ ዓመት በፊት ከሩቅ አገር መጥታ ጎንደር የገባችው ቆንጆ ሙሽራ ምንትዋብ ነበሩ፤ አሁን በዚያው በር ሌላ ቆንጆ ሙሽራ ገባች። ሴት ልጅ ዘመኗ መዞሩን በአንድ ቀን የምታይበት በር ቢኖር ይህ ነው። የምራቷ ወንድሞችና ዘመዶችም ልክ የቋራ ሰዎች በ1730 እንዳደረጉት እህታቸውን ተከትለው ወደ ጎንደር መምጣት ጀመሩ። የተወለደውም ሕፃን፣ ኢዮአስ፣ ከእናቱ ወገኖች ጋር አደገ፤ አፉን የፈታውም በእነሱ ቋንቋ ነው ይባላል።

አፄ ኢያሱ በ1755 ሞቱ። ኢዮአስ ሕፃን ነበር። ታሪክ ራሱን ደገመ፤ እንደገና የሞተ ንጉሥ፣ እንደገና ሕፃን ወራሽ፣ እንደገና ወጣት እናት። አሁን ግን እቴጌዋ ሌላ ነበሩ። ምንትዋብ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ተጠግቶ ነበር። በ1730 ለራሳቸው የተጠቀሙበት ሙግት፣ የሕፃን ንጉሥ ጠባቂ እናቱ ናት የሚለው፣ አሁን በቃል ሳይለወጥ በምራታቸው አፍ ሆነ። ውቢት የሚሉት ትክክል ነበር፦ አማቴ በልጃቸው ዘመን እቴጌ ሆነዋል፤ በልጄ ዘመን ደግሞ ተራው የእኔ ነው። ምንትዋብ የሚሉትም ከንቱ አልነበረም፦ ዘውድ የጫንሁት እኔ ነኝ፤ ይህን መንግሥት ሃያ አምስት ዓመት ያቆምሁት እኔ ነኝ፤ አገሩን የማውቀው እኔ ነኝ።

ይህን ጭቅጭቅ እንደ ተራ የአማትና የምራት ጠብ አድርጎ ማየት ቀላል ነው፤ ብዙዎችም እንዲሁ አድርገው ጽፈውታል። እኔ ግን የችግሩ ሥር ሌላ ቦታ ይመስለኛል። ዘውዱ ለማን እንደሚተላለፍ በአገሩ ልማድ ነበረ፤ ከንጉሥ ዘር የሆነ ይነግሣል። ለሕፃኑ ንጉሥ ጠባቂ የምትሆነው ሴት ግን የተጻፈ ሕግም የጸና ልማድም አልነበራትም። ምንትዋብ ያንን ቦታ በብልሃታቸው ፈጠሩት፤ ፈጥረው ግን ከእሳቸው በኋላ እንዴት እንደሚተላለፍ አልደነገጉም። የሠሩትን ቁስቋምን ለካህናቱ ርስተ ጉልት ሰጥተው፣ መሬቱ በማን እንደሚያዝ አስጽፈው ነበር። የራሳቸውን ወንበር ግን አላስጻፉም።

ለጊዜው ራስ ቢትወደድ ወልደ ልዑል ሁለቱን ወገን እያመዛዘኑ ያዙት። ለሁለቱም ሹመት እየተሰጠ፣ ለሁለቱም ፊት እየታየ፣ አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። በ1767 ወልደ ልዑል ሲሞቱ ሚዛኑ ተሰበረ። የቋራ ሰዎች በአንድ ወገን፣ የእቴጌ ውቢት ሰዎች በሌላ ወገን መሣሪያ ይዘው ተፋጠጡ። እቴጌ ምንትዋብ በዚያን ጊዜ ስልሳ አልፏቸዋል። ቀድሞ ያልኋችሁ እዚህ ይመጣል። ቢፈልጉ እንኳ ብቻቸውን መነሣት አይችሉም ነበር፤ ከተነሡ የቋራ ዘመድ ሁሉ ሹመቱንና ርስቱን ያጣል። ሰው ሲያረጅ በወንበሩ የሚያቆየው ሁልጊዜ የራሱ ስስት አይደለም። ብዙ ጊዜ በዙሪያው ያሉት፣ እሱ ከሌለ መግቢያ የሌላቸው ሰዎች፣ ገና ነዎት፣ ማን እንደ እርስዎ እያሉ ያቆዩታል።

በዚህ ጭንቅ ጊዜ ከትግራይ ራስ ሚካኤል ስሑል ተጠሩ። ወደ ጎንደር የመጡት ሁለቱን ወገን እንዲያስታርቁ ነበር፤ ይዘውት የመጡት ግን ጠመንጃ የታጠቀ ብዙ ሠራዊት ነበር። ራስ ሚካኤል ከእቴጌይቱ በዕድሜ ይበልጣሉ፤ ከሰባ ዓመት ያለፉና አንድ እግራቸው የሚያነክስ ሽማግሌ ነበሩ። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ምንትዋብ አርጅተዋልና ይውረዱ የሚለው ክርክር ጎንደርን ሲያምስ፣ ከእሳቸው የሚያረጅ ወንድ መንግሥቱን ሊረከብ ሲመጣ ማንም ስለ ዕድሜው አላነሣም። ለወንድ ሽምግልና ሥልጣን ይጨምራል፤ ለሴት ግን ሥልጣኗን እንድታስረክብ ምክንያት ይሆናል። ስለዚህ የዚህ ታሪክ ትምህርት ያረጀች ሴት ዞር ትበል የሚል አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሆነው በፍጥነት ሆነ። ሁለት ሴቶች በአንድ ወንበር ሲከራከሩ፣ ወንበሩን ሦስተኛ ሰው ወሰደው። ወጣቱ ንጉሥ ኢዮአስ አስታራቂ ተብለው የመጡት ሰው ጌታ እንደሆኑባቸው ሲያዩ ወደ ትግራይ እንዲመለሱ አዘዙ። ራስ ሚካኤል እምቢ አሉ። ጦርነት ሆነ፤ የንጉሡ ወገን ተሸነፈ። በግንቦት 1769 ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ትእዛዝ ታንቀው ተገደሉ። በኢትዮጵያ ታሪክ አንድ ራስ ንጉሠ ነገሥቱን በግልጽ ገድሎ የፈለገውን ሲያነግሥ ያ ዘመነ መሳፍንት የሚባለው ጊዜ መጀመሪያ ተደርጎ ይቆጠራል። ዘመኑ የሚያበቃው በ1855 ካሣ፣ እሳቸውም የቋራ ሰው፣ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ ነው። ሰማንያ ስድስት ዓመት።

የዚያን ሁሉ ዘመን ደም በሁለት ሴቶች ጭቅጭቅ ላይ መጣል ግፍ ነው። መሳፍንቱ ከቀድሞ ጀምሮ በየአገራቸው እየበረቱ ነበር፤ ጠመንጃም በአንዳንዶቹ እጅ በዝቶ ነበር። ነገር ግን በሩን የከፈተው የትኛው ቀን እንደሆነ ግልጽ ነው። የቤት ውስጥ ርክክብ ያልተደነገገበት ቤት፣ ከውጭ በመጣ አስታራቂ መወረሱ አይቀርም።

እቴጌ ምንትዋብ የልጅ ልጃቸውን አስከሬን በቁስቋም፣ ከልጃቸው ከአፄ ኢያሱ አጠገብ አስቀበሩ። ከዚያ በኋላ በጎንደሩ ቤተ መንግሥት ለመኖር አልፈቀዱም። በጎንደር ዘውድ ከጫኑ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ከዚህ ላይ ታሪካቸው የተዘጋ ይመስላል፤ ነገር ግን አራት ዓመት ይቀራቸው ነበር፤ እነዚያንም አራት ዓመታት ከባዶ እጅ አልኖሩባቸውም።

በ1770 መጀመሪያ ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ጎንደር ደረሰ። በዚያን ጊዜ ፈንጣጣ ከተማውን ይዞት ነበር፤ በቁስቋም ግቢ ውስጥ የእቴጌይቱ የልጅ ልጆች ታመው ነበር። እንግዳው መድኃኒት ያውቃል ስለተባለ ወደ ቁስቋም ተጠራ። በሩንና መስኮቱን አስከፍቶ ክፍሎቹን አናፈሰ፤ ሕሙማኑንም ሲከታተል ቆየ። የወይዘሮ አስቴር ልጅ ከዳኑት አንዱ ነው። ወይዘሮ አስቴር የራስ ሚካኤል ሚስት መሆናቸውን ስትሰሙ የእቴጌይቱ ቤት በዚያን ጊዜ ምን ያህል የተጠላለፈ እንደነበረ ይገባችኋል። ልጃቸው የሚኖሩት የልጅ ልጃቸውን ካስገደለው ሰው ጋር ነው። በዚያ ቤት የታመሙትን ሕፃናት ግን ማስታመም ነበረባቸው፤ አስታመሙም። ምንትዋብ ለቤተ መንግሥት የበቁት በማስታመም ነው የሚለውን የቋራ አፈ ታሪክ እናስታውስ፤ በእርጅናቸውም ያንኑ ሥራ ይሠሩ ነበር።

ብሩስ ከእቴጌይቱ ጋር ስላደረገው ጭውውት ጽፏል። አሮጊቷ እቴጌ የእንግዳውን ሐሳብ አልተረዱትም። አገር አቋርጦ፣ በረሃ ተሻግሮ የመጣው በጎጃም ያለ አንድ ረግረግ ለማየት ነው። እሳቸው ደግሞ፣ የነገሥታት እናት ሆነው ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረው፣ አሁን የሚመኙት ሁሉን ትተው ኢየሩሳሌም መድረስ ነበር፤ እዚያም እየለመኑ ኖረው በጌታ መቃብር ደጅ ፊት ለፊት ቢቀበሩ በቂያቸው ነበር። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ቤተ መንግሥት የገባች ልጅ በስልሳ አራት ዓመቷ የምትመኘው የለማኝ ቦታ መሆኑን ስናነብ ተስፋ መቁረጥ ሊመስለን ይችላል። እኔ እንዲህ አላየውም። ያ ምኞት የራሳቸው ነበር። በዙሪያቸው ያለ ዘመድ ሁሉ የሚጠቀምበት፣ ማንም ደግሞ ሊነጥቃቸው የሚመጣ ምኞት አልነበረም። ምናልባት በሕይወታቸው ለራሳቸው ብቻ የተመኙት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው።

ኢየሩሳሌምን አላዩም። ራስ ሚካኤል በ1771 ሰርባ ኩሳ ላይ ተሸንፈው ከሥልጣን ሲወርዱ አይተዋል። በ1773 ሞተው ቁስቋም ተቀበሩ። የሠሩት ቤተ ክርስቲያን በ1888 ጎንደርን ባቃጠሉት ድርቡሾች እጅ ጠፍቶ በኋላ እንደገና ተሠርቷል፤ የግንቡም ፍርስራሽ ቆሞ ከፋሲል ግቢ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ቁስቋም የሚሄድ ሰው በአንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ መስታወት ያለው ሣጥን ያያል። የእቴጌይቱ፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው አፅም በአንድነት ያረፈው እዚያ ነው። የውቢት አፅም እዚያ የለም።

ከእሳቸው ዘመን የቀረ ሌላም ነገር አለ፤ እንደ እኛ ላለ ማኅበር ግንብ ከሚባለው ያላነሰ ነው። በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የተጠበቁ የመሬት መዝገቦች አሉ። በእነዚያ የብራና ገጾች ላይ ሴቶች መሬት ሲገዙ፣ ሲሸጡ፣ ሲያወርሱ፣ በዳኛ ፊት ቆመው ሲከራከሩ ተጽፏል። የወይዘሮዎች ብቻ አይደለም፤ ስማቸውን ታሪክ የማያነሣቸው ሴቶችም በዚያ አሉ። የጎንደር ሴት ንብረቷ የተጻፈላት ከሆነ አርጅታም ርስቷን ይዛ ትሞግት ነበር። ያልተጻፈላት ግን፣ እቴጌም ብትሆን፣ በመጨረሻ የምትተማመነው በጦር ነው።

እህቶች፣ እንደ እኛ ያሉ ማኅበራት በአብዛኛው የተመሠረቱት በጥቂት ቆራጥ ሴቶች ነው። አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ከየቤታቸው በርጩማ አምጥተው፣ ከሳምንት መዋጮ ተነሥተው ያቆሙት ነው። እነዚያ ሴቶች ዛሬ እማማ ይባላሉ። ቁልፉ በእነሱ እጅ ነው፤ የባንኩ ፊርማ የእነሱ ነው፤ ደጋፊዎቻችንም የሚያውቁት የእነሱን ስም ነው። ከኋላ የሚመጡት ልጆች ደግሞ ሒሳብ በኮምፒውተር የተማሩ፣ ተራችን መቼ ነው የሚሉ ናቸው። ሁለቱም የሚሉት ትክክል ነው። የምንትዋብና የውቢት ክርክር የክፉና የደግ ክርክር አልነበረም፤ ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ያጡት ማን ትክክል እንደሆነ የሚነግራቸው ሰው አልነበረም፤ እሱማ ተጠርቶ መጣ። ያጡት ከጠቡ በፊት በሰላሙ ቀን የተጻፈ ደንብ ነበር።

ስለዚህ ከዚህ ሕይወት ለጉባኤያችን የምወስደው እንዲህ ነው። የሰብሳቢነት ዘመን ስንት ዓመት እንደሆነ፣ ቁልፍና ፊርማ በማን ፊት እንደሚረከብ፣ የምትወርደውም እህት ከወረደች በኋላ ምን ሥራ እንደሚኖራት፣ ሁሉም ገና ሳይጣላ በመተዳደሪያ ደንብ ይጻፍ። የመጨረሻው ነጥብ እንዳይረሳ። ወርዳ ባዶ ቤት የምትገባ ሴት አትወርድም፤ ልትወቀስም አይገባትም። እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋምን በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው ስለሠሩት ነው በስልሳዎቹ የሚገቡበት ያገኙት። እኛም በጉልበታችን ሳለን ለእያንዳንዷ መሥራች እህት የመማክርት ወንበር፣ የማስተማር ሥራ፣ ወጣቶቹን የምታስታርቅበት ቦታ አዘጋጅተን እንቆያት።

ለወጣቶቹም አንድ ቃል አለኝ። ውቢት ተራቸውን የጠየቁት ትክክል ነበር፤ የጠየቁት ግን ወንድሞቻቸውን ከኋላ አሰልፈው ነው። ስታስረክቡን እናመሰግናለን ብለው፣ የአማታቸውን ሃያ አምስት ዓመት ቆጥረው ቢጠይቁ ኖሮ መልሱ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ ማረጋገጥ አልችልም። ነገር ግን የዛሬዋ ውቢት የነገዋ ምንትዋብ ናት። በዚያ በር ሌላ ሙሽራ ትገባለች፤ ስሟም ያው ውብ የሚል ይሆናል።